ለጋሼ ያነበብኩላቸው የደም ውጤት

የመንዝ ሰው ዳገት ስለሚወጣና ጾም ስለሚያጠብቅ ኮሌስትሮል አያገኘውም ይባላል። ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑንም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሽፈራው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ተመርምረው፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ቅቤና ላት እንዲቀንሱ መክሮ ከፋሲካ በፊት መልሶ ቀጠራቸው። እኔ ሳቅሁ። በየማኅበሩ "ኮሌስትሮል ከውጭ የመጣ ፍርሃት ነው" እያልኩ የምከራከር ሰው በገዛ ወንድሜ ደም ልረታ?

በሰሙነ ሕማማት አብሬያቸው መሐል ሜዳ ሆስፒታል ሄድኩ። ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ምን ይደንቃል? ጾሙን ሙሉ ኪኒን ሲውጡ፣ ሽሮና ቆሎ ሲበሉ ነው የከረሙት። ይህ የጾመኛ ደም ነው፤ ስለ ፋሲካ ማግስት አይናገርም። አላወቅሁም? አውቄአለሁ። የሐኪሙ በር ፊት ለፊታችን ነበር፤ ወረፋ ነበረው። "ጋሼ፣ ለዚህ ደግሞ ምን ያሰልፈናል? እኔ አነብልዎታለሁ" አልኳቸው።

"እህ፣ ምን ይላል? ላት ብላ ይላል አትብላ?"

"ይብሉ ይላል። ኪኒኑንም ይተዉት፣ ድነዋል።"

"ተባረክ! ያ ጎረምሳ በሽሮ ሊገድለኝ ነበር እኮ።"

እኔ አነበብኩ። እኔ ዋሸሁ። ቁጥሩን ያወረዱት ኪኒኑና ጾሙ ነበሩ፤ ጾሙን ፋሲካ ፈታው፣ ኪኒኑን እኔ አስጣልኩ። በዓመቱ ክረምት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። በግ ይሸልቱበት የነበረው እጅ ዛሬ ማንኪያ አይዝም።

ኪኒኑን ቢውጡም ይደርስባቸው ነበር የሚለኝ ይኖራል። ምናልባት። እኔ ግን ከ"ምናልባት" ጀርባ አልደበቅም። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ይላል። ጋሼ ደግሞ በተኮላተፈ አንደበት "ያ ኪኒን ነው፤ ወንድሜ አንብቦ ባያስጥለኝ ሞቼ ነበር" እያሉ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ከውሸቱና ከዚህ አሜን የቱ ይከፋል?

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ሄጄ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ፤ ከረገሙኝም ይርገሙኝ። አንተ አንባቢ ግን፣ ወንድምህ የደም ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ዐዋቂ አትሁንበት። ወረፋ ያዝለት፣ ምን ሲበላ እንደከረመ ለሐኪሙ ንገርለት፣ ከዚያ አፍህን ዝጋ።