መስታወት ላይ ሳጥን የሚስለው ተሳፋሪ

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፏል። መንገድ ላይ ሰው ባየ ቁጥር የሚኒባሱ መስታወት ላይ በጣቱ ሳጥን ይስልበታል። እኔም ከኋላው እንደሱ እየሳልኩ ሌላውን ተሳፋሪ አሳቅኩት።

ሸኮ ጋ አንዲት ሴትዮ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ ዞረና፣ "ወንድሜ፣ እንጨት መሆኑ ከዚህ ያስታውቃል?" አለኝ።

"ለዕውርም ያስታውቃል።"

"የጦር ድሮን ካሜራ ላይ እሠራ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "የካሜራው ኮምፒውተር፣ ኤአዩ፣ ራሱ ሰው ፈልጎ ሳጥን ውስጥ ያስገባውና 'ታጥቋል' ይላል። ከመመታቱ በፊት አይቼ የማረጋግጠው እኔ ነበርኩ። እንጨት የተሸከመች ሴት ላይ አዎ አልኩ።"

ቴፒ ሲወርድ፣ "ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን አበላሸሁባችሁ" አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።