አንዴ ይበቃኛል ያለው ሰው

የያዙኝ መተማ መናኸሪያ ውስጥ፣ ከሽንፋ ከመጣሁበት አውቶቡስ ስወርድ ነው። ጥፋቴ ስለታሰሩ ባልደረቦቼ በመምህራን ስብሰባ ላይ መጠየቄ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ የማነባቸው፣ የጥንት ጃፓን የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት የጻፏቸው ልቦለዶች ነበሩ። መርማሪው አገላብጦ አያቸውና፣ «ጃፓን ውስጥ ማነው የሚልክህ?» አለኝ። ሳቄ አልመጣም።

የታሰርንበት የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው እኩለ ቀን ላይ ይንጣጣል፤ ግድግዳው የተባይ መርዝ ይሸታል። ውሃ በቀን አንድ ጀሪካን ነው፣ ለሁላችንም። አጠገቤ ከአርማጭሆ የመጡ አዛውንት ገበሬ አሉ። ከእሳቸው ወዲያ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ ወርዶ ድንበር ላይ የተያዘ ጎልማሳ ተኝቷል። ወባ ይዞታል። ሐኪም ጠየቅን፤ «ነገ» ተባልን።

«መምህር፣ ያ ያሳሰረህ መጽሐፍ ምን ይላል?» አለኝ ወሎዬው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ነገርኩት። የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ይዋደዳሉ፣ ይከዳዳሉ፣ በስተመጨረሻ ይመንናሉ። በቡድሃ እምነት የሞተ ሰው እንደ ሥራው ተመልሶ ይወለዳል፤ ሰው ሆኖ፣ እንስሳ ሆኖ፣ ወይም ረሃብ የማይለቀው መንፈስ ሆኖ። ስለዚህ ትረካቸውም እንደኛ ተረት አይቋጭም። አባት የሠራው በልጁ ይደገማል፤ ባለታሪኩ ቢሞትም ወሬው ይቀጥላል።

«መጨረሻማ አለው» አሉ አዛውንቱ። «ነፍስ አንዴ ትወጣለች፤ ከዚያ ፍርድ ነው።»

«እነሱ ዘንድ ፍርዱ መወለዱ ነው፣ አባቴ።»

ወሎዬው ዓይኑን ጨፈነ። «ተመልሼ እዚህ ልመጣ? ኸረ ይቅርብኝ! እኔስ አንዴ ይበቃኛል።»

«እነሱም የሚመኙት እሱኑ ነው» አልኩት። «የመጨረሻ ተስፋቸው ዳግም አለመወለድ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ ልባሞች ናቸው» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞከረ። ከዚያ በኋላ በትኩሳት እየቃዠ የሚያወራው ከእናቱ ጋር ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ። ሁለት ጠባቂዎች መጡ፤ አንዱ ሊጎትተው እግሩን ያዘ። አዛውንቱ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ታገሥ። ሳይታጠብ አይወጣም።»

«በምን ውሃ?»

«በኛው።»

የዕለቱ ጀሪካን ገና መግባቱ ነበር። የተቃወመ የለም። አዛውንቱ ፊቱንና እጁን አጠቡት፤ እኔ እግሩን። ውሃው አለቀ። ሸሚዜን አልብሼው፣ አራት ሆነን በትከሻችን ደጅ እስከቆመው መኪና አወጣነው። ያን ቀን ጉሮሯችን ደርቆ ዋለ፤ ስለ ውሃ ግን ማንም አላነሳም።

ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ዛሬም አስተምራለሁ። አንድ ክረምት ወሎ ሄጄ ቀየውን ፈልጌ ነበር፤ የመንደሩን ስም በቅጡ ስላልያዝኩ ሳላገኘው ተመለስኩ። ቤተሰቦቹ መርዶ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም። ምናልባት ባገኛቸው ስለ መጋዘኑ ብዙ አልነግራቸውም። ታጥቦ፣ በሰው ትከሻ እንደወጣ ብቻ እነግራቸዋለሁ።