ጋሽ አየለ ያስተማሩኝ አቋቋም

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ከስፖርት ልምምዷ ስትመለስ ግቢዬ ውስጥ ቆማ የተማረችውን አሳየችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ባዶ አየር ትመታለች። አሞገስኳት። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እቆጥር ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ ከቴፒ ወጣ ያለች ቀበሌ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ከተከራየሁበት ቤት ትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱ በቡና መሀል ስለሚያልፍ ቀትር ላይ እንኳ ጭልም ይል ነበር። አንድ የጣውላ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ "ሊጠልፍሽ ነው" የሚል ወሬ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር እበረግግ ጀመር።

አከራዬ ጋሽ አየለ የሸኮ ተወላጅ ናቸው። በቡና እርሻ ጥበቃነት ያረጁ፣ በወጣትነታቸው በዱላ ምክቶሽ የታወቁ ሰው ነበሩ። ለምኛቸው ያስተምሩኝ ጀመር። ከሥራ ስመለስ ባለቤታቸው የቀቀሉትን ጎደሬ በዳጣ እንበላና ጓሮ እንወጣለን። እኔ ያሳዩኝን ሁሉ ቁጥር እየሰጠሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሰባት ምት፣ አምስት መመከቻ።

"ልጄ፣ ዱላ የቃል ጥናት አይደለም" ይሉኛል። "መጀመሪያ እግርሽ የት እንዳለ እወቂ። ከፍ ያለውን ቦታ ያዢ። ለእሱ በሚመቸው ርቀት ላይ አትቁሚ፤ ወይ ራቂ፣ ወይ ተጠጊው።"

"እሺ ጋሼ። ስምንተኛው ምትስ የትኛው ነው?"

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጥቅምት ላይ ቡናው ቀልቶ ሲለቀም፣ ዝናቡም ገና ሳያባራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የጣውላ ነጋዴው ከጓደኛው ጋር መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በእጁ ዱላ ይዟል።

"ነይ፣ በሰላም እንሂድ" አለኝ።

አንደኛውን ምት ልመታ፣ ከወሬው ወዲህ ከእጄ የማልለየውን ሽመሌን ወደ ኋላ ሳነሳ የቡና ቅርንጫፍ ያዘው። ሁለተኛውን ፈለግሁ፤ ጠፋኝ። ደብተሩ በሙሉ ከራሴ ውስጥ ጠፋ። ያኔ የታየኝ መሬቱ ብቻ ነው። በግራዬ ትንሽ ዳገት ነበረች፤ ሁለት እርምጃ ወጣሁ። እሱ ተከትሎኝ ዱላውን ሲያነሳ፣ ሳያወርደው ተጠጋሁትና በሽመሌ ጫፍ ደረቱን ገፋሁት። ይህን ማንም አላሳየኝም። ጭቃው አንሸራቶት በጀርባው ጓደኛው ላይ ወደቀ። እሪ አልኩ። ለቃሚ ሴቶች ቅርጫታቸውን ጥለው ሲመጡ ሁለቱም ሸሹ።

ቤት ደርሼ ለጋሽ አየለ ነገርኳቸው።

"የት ቆመሽ ነበር?" አሉኝ።

"ዳገቷ ላይ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሽማግሌዎች ሰውየውን ጠርተው ዋስ እስኪያስጠሩት ድረስ ጠዋትም ማታም ራሳቸው ይሸኙኝ ነበር።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ሰው ሲሰማ "ደፋር ነበርሽ" ይለኛል። አልነበርኩም። ዛሬም ጭር ባለ መንገድ ላይ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ልቤ ይመታል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ይዤው መቆም ግን ለምጃለሁ።