ካኑና የእድራችን ዳኛ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ የልጅ ልጄ ከምትከታተለው የቱርክ ተከታታይ ፊልም ላይ ዓይኗን ሳትነቅል «እማዬ፣ ካን ማለት ንጉሥ ነው?» አለችኝ። እንደ ንጉሥ ነው አልኳት። እሷ ወደ ፊልሟ ተመለሰች፤ እኔ ግን ምስሬን ከነሰፌዱ ይዤ አሥረኛ ክፍል ገባሁ።

ያኔ የምንኖርበት ላፍቶ የጤፍና የምስር ማሳ ነበር። መስከረም እስኪያልቅ ጭቃው ሰው አያሳልፍም። ጎፋ ወዳለው ትምህርት ቤታችን የምንሄደው ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው፤ በሩ ጋ ስንደርስ እግራችንን በሣር ጠርገን እናጠልቃለን። የታሪክ መምህራችን ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ እንኳ የማይቆጣ ሰው ነበር።

ያን ቀን ያስተማረን ስለ ካን ነው። የቱርክና የሞንጎል ሕዝቦች ገዢያቸውን የሚጠሩበት ማዕረግ መሆኑን፣ ከሞንጎሎቹ በፊትም በዚያ ሰፊ ሜዳ የነበሩ ከብት አርቢዎች ይጠሩበት እንደነበር፣ ቃሉ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ ግን ሊቃውንት እንደማይስማሙ ነገረን። ካጋን የሚባለው ደግሞ የካኖች ካን፣ በእኛ ንጉሠ ነገሥት እንደማለት ነው አለ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠ።

«በጉባኤ የተመረጠውን ሰው ከበግ ጠጉር በተሠራ ነጭ ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡትና ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል። ደህና ካስተዳደርክ ትከበራለህ፤ ከበደልክ ግን ይህ የተቀመጥክበት ምንጣፍ እንኳ አይተርፍህም ይሉት ነበር ይባላል» አለን።

ቤት ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። የጎረቤታችንና የክፍል ጓደኛዬ የአስቴር እናት፣ ወይዘሮ ማርታ፣ ጎህ ሲቀድ አርፈው ከሰዓት በኋላ ተቀብረዋል። የእድሩ ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳኑም ከመጋዘን አልወጣም። ከደቡብ የመጡ ጴንጤዎች ስለነበሩ «እነሱ በራሳቸው ይቅበሩ» ተብሎ ተወስኗል። የእድሩ ዳኛ አባቴ፣ አቶ ቶሎሳ፣ ነበሩ።

ለራት የተቀቀለ የበቆሎ እሸትና ጎመን ቀረበ። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ማታ ማታ ግን ምን ተማርሽ ሳይሉኝ አይበሉም። የካኑን ነገር ነገርኳቸው።

«ነጭ ምንጣፍ ጭቃ አገር አይሆንም» ብለው ሳቁ።

«አባባ፣ እርስዎንስ ሰፈርተኛው አይደል መርጦ ወደ ላይ ያነሳዎት? አቶ ዳናም እኮ አብረው አንስተዋል» አልኳቸው። አቶ ዳና የአስቴር አባት ናቸው፤ አናጢ ነበሩ። «የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ማን ሠራቸው?»

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» አለችኝ።

አባቴ በቆሏቸውን አስቀመጡ። «ብቻዬን አልወሰንኩም፤ ሽማግሌዎቹም ነበሩ።»

«ዳኛው ግን እርስዎ ነዎት።»

 አባቴ ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑን ከፍተው ድንኳኑን በአህያ ጫኑ። አህያዋን እኔ ስነዳ እሳቸው አንዱን ረጅም አግዳሚ ብቻቸውን ተሸክመው በዚያ ጭቃ ፊት ፊት ሄዱ። ሁለት ጊዜ ሊወድቁ ነበር፤ ላግዝዎ ስላቸው እምቢ አሉ። ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ አቶ ዳና ወጡ። በእጃቸው የላጉትን እንጨት ትክ ብለው አዩት።

«ዳኛ፣ ይሄ ያስፈልገን የነበረው ትናንት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ አባቴ፣ አግዳሚውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ።

 አቶ ዳና መጥተው ሌላውን ጫፍ ያዙ፤ ሁለቱም ተጋግዘው ወደ ግቢው አስገቡት።

በቀጣዩ የእድር ስብሰባ አባቴ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡ። ይቅር፣ ይቀጥሉ ብለው ቢለምኗቸው አሻፈረኝ አሉ። እስኪሞቱ ድረስ «ዳኛ» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ «ቶሎሳ በለኝ» ይሉት ነበር። አንዳንዱ ሰው ያፍር ነበር፤ እሳቸው ግን አያፍሩም።

ይህን ያወጋሁት ሰው ሁሉ ደፋር ልጅ ነበርሽ ይለኛል። ስህተት ነው። ያን ዕለት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በእነ አስቴር ደጅ አልፌያለሁ። ልቅሶው ይሰማ ነበር፤ የእሷንም ድምፅ ለይቼዋለሁ። ጡሩምባ እንዳልተነፋም አውቄ ነበር። የዳኛው ልጅ ገባች እንዳይባል ፈርቼ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ክፍል ውስጥም ባዶ መቀመጫዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ካን ተማርኩ። ማታ አባቴ ላይ ያን ሁሉ ስናገር የራሴን አንድ ቃል አላነሳሁም። እስከ ዛሬም ለማንም፣ ለአስቴርም ጭምር፣ አላነሳሁም፤ ይኸው ገና አሁን ጻፍኩት።

ማዕረግ ያለው ሰው ጥፋቱ ይታያል፤ የእኔን ማንም አላየውም። አባቴ ለይቅርታ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የዘገዩት። አስቴር ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል ትኖራለች። ከእኔ ቤት አንድ ታክሲ ነው።