ሪሊፍ የሚሠራው ልጅ

ባለፈው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የመኪናዬን ፖርታባጋል ስከፍት የድሮ የቤዝቦል ጓንቴ ሽታ ተቀበለኝ፤ ፀሐይ ያጋለው ቆዳና የቆየ ላብ። እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ያ ጓንት አብሮኝ ከቡድን ቡድን ሲንከራተት ኖሮ አንዱም ጋ አልከረመም። ግን ኳስ እወረውር ነበር፤ ያውም አሳምሬ።

ሥራዬ ሪሊፍ ይባላል። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ሲደክም ወይም ነገር ሲበላሽበት፣ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ይጠራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ታክሲ ነጂው አባቴ ግን ይህ አልዋጥለት አለ። በእሱ ዓይን ያልጀመረ ሁሉ ተቀያሪ ነው፤ የተቀያሪ አባት ደግሞ ምን ብሎ ያወራል? ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲጠይቁት «ሪሊፍ ነው የሚሠራው» ብሎ ያልፋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ እርዳታም ማለት ነውና ሰዉ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምሠራ መሰለው።

አንድ እሑድ የቅመም ሱቅ ያላቸው እትዬ በራቸው ላይ አስቆሙኝ። «ለተራበ እህል ታደርሳለህ አሉ። ተባረክ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። አባቴ አጠገቤ ነበር። አላረማቸውም፤ የመኪናውን ቁልፍ ማገላበጥ ያዘ። በእኔ እንደሚያፍር ያን ቀን ገባኝ፤ በጣም ከፋኝ።

በዚያው ዓመት ቡድኔ ሎስ አንጀለስን ሊገጥም ሲመጣ አባቴን ስታዲየም ጋበዝኩት። የታጨደው ሣር ይሸታል። ቤዞቹ ሁሉ ነጥብ ሊያስቆጥሩ በተዘጋጁ የተጋጣሚ ሯጮች ተይዘው፣ ጨዋታው ከእጃችን ሊወጣ ሲል ተጠራሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለው ሰዓት የእኔ ነበር። መቺው ሦስቴ አየር ብቻ መታ፤ ጨዋታው አበቃ፣ አሸነፍን።

ስንመለስ ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት አስቆመን።

«ሶ፣ ያኛው ሰውዬ ያበላሸውን ነው ክሊን የምታደርገው?» አለ አባቴ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሲጠሩህ አልፈራህም?»

«አልፈራሁም።»

አረንጓዴ በርቶ ከኋላችን ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ ቶሎ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የቅመም ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረገና ገባ። «እትዬ፣ ልጄ እህል አያድልም። ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ሲጨንቃቸው እሱን ነው የሚጠሩት» ሲላቸው ከውጭ ሰማሁ። እንዲያ የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየሄድኩበት ከተማ እየደወለ «ዛሬስ ጠሩህ?» ይለኝ ነበር።

እሱ ሲታመም የእኔም ክንድ ደክሞ፣ ቡድኖቹ መደወል ትተው ነበር። ይህን አልነገርኩትም። ሆስፒታል አልጋው ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኑን ገለጠ።

«ጠሩህ?»

«አይ፣ አባዬ። አልጠሩኝም።»

«እንግዲያ ደህና ናቸው ማለት ነው» አለና የምወረውርበትን እጄን ይዞ ተኛ።