የአገዳው አጥር

በጃንሆይ ጊዜ ከጎጃም ተድሬ ድሬዳዋ ስገባ፣ ከሙቀቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግቢያችን አጥር የሌለው መሆኑ ነበር። ባሌ ባቡር ላይ ስለሚሠራ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ንጋት ላይ ወጥቼ ውዳሴ ማርያሜን ልድገም ስል መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ስለዚህ ዋሂል ከሚባለው ገጠር በግመል የሚመጣውን የማሽላ አገዳ ገዝቼ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጌ አሳጠርኩ። በየበጋው የተሰበረውን እየተካሁ፣ ሰባት ዓመት ከዚያ አጥር ውስጥ ጸለይኩ።

ከአጥሩ ጀርባ የአዴ ማሽላ ነበር። «አዴ» በእኛ ሰፈር ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ዓመቱን የሚበሉት ከዚያች ከአሸዋው ወንዝ ዳር ካለች ቁራሽ መሬት ነበር። በኦሮምኛቸው ወንድና ሴት በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ በአማርኛም እኔን «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

አንድ በጋ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ትል የቆላውን ማሽላ እየፈጀ ነው አለን። ደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ዝናብ ሲመጣ የእሳት ራት ሆኖ በርሮ ይወጣል፤ ስለዚህ የከረመ አገዳ ሁሉ ዝናብ ሳይጥል ይቃጠል አለ።

«ከባሕር ማዶ በምን መጣ?» አሉት አዴ።

«ከእህል ጋር ተጭኖ ይሆናል። በመርከብ፣ በባቡር...»

«በባቡር?» ወደ እኔ ዞሩ። «አቦ፣ ባልህ ነዋ ያመጣው!»

ሁላችንም ሳቅን።

አዴ በማግስቱ ለማገዶ የከመሩትን አገዳ አንድ ሳያስቀሩ አቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ጭራሮ ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። እኔ ግን አጥሬን አልነካሁም። ነገሩ ለገበሬ የተነገረ ነው አልኩ። ደግሞ ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ በጾም መካከል የጸሎት ቦታውን ማን ያፈርሳል?

በሰኔ ጾም አዴ ከማሳው ጠሩኝ። ማሽላው ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ ግን ተርታውን ተበስቶ ወንፊት መስሏል። የመካከሉን ቅጠል ሳብ ሲያደርጉት ተመዞ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ታቹ በስብሷል። አገዳውን በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ነጠብጣብ ያለበት ትል ተላወሰ።

«ያ ረቢ! እኔ አቃጥያለሁ እኮ። አንተም አይተሃል።»

«አይቻለሁ፣ አዴ።»

 ተመልሼ ከአጥሬ አንድ አገዳ መዝዤ ሰነጠቅኩ። ውስጡ ተቦርቡሯል፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የትሉ ባዶ ቅርፊት ተጣብቋል። ወጥቶ ሄዷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ነበር።

ሳምንት ያህል ሰገድኩ።  የንስሐ አባቴ ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ሄጄ ብነግራቸው፣ «ማሳው የኔ ነው እንዴ፣ ልጄ? ለባለቤቷ ሳትነግሪ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ?» አሉኝ።

አጥሩን በእጄ ነቅዬ ከመርኩና ለአዴ ነገርኳቸው። ክምሩን ዞረው አዩት።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ሳቃጥል ያንተን አጥር አየሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንግዳ ነው፣ ይከፋዋል ብዬ ተውኩት።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰባት ዓመት በአገዳው ቀዳዳ እያየኋቸው፣ እሳት ለመጫር እንኳ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። ክምሩን የለኮሱት እሳቸው ናቸው።

ከማሳው ግማሹ እንኳ አልዳነም። በየዓመቱ እሸት ሲደርስ ሦስት ራስ ማሽላ በአጥሩ ላይ ያቀብሉኝ ነበር። በዚያ ዓመት አጥር ስለሌለ ግቢው ድረስ መጡ። በሻሻቸው ጫፍ የያዙትን አየሁት፤ ሦስት ነው።

«አዴ፣ ዘንድሮስ ለራስዎ ያቆዩት።»

«ተው አቦ፣ ተቀበል።»

ተቀበልኩ። ከጀርባቸው፣ ምንም ሳይጋርደው፣ ራስ ያላወጣው አገዳ ቆሞ ይታየኝ ነበር።