ለሴሎቼ የተደረገ ዱዓ

የምሠራው ባሕር ማዶ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ነው። ስቴም ሴል ከሚባሉት፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ካልለየላቸው የሰው ሴሎች፣ የአንጎልን ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲክ የሚሸፍኑ ሴሎች አሳድጋለሁ። ወራት ይፈጃሉ፤ ምግባቸው የሆነው ፈሳሽም ቶሎ ቶሎ ይቀየርላቸዋል። ስለዚህ መካነ ሰላም ያለችው እናቴ በደወለች ቁጥር «እማ፣ ሴሎቼን ላበላ ነው» ብዬ እዘጋባት ነበር።

አንድ ቀን ስንት ወራቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ሁለት» አልኳት። በዚያው ሐሙስ ጎረቤት ዱዓ ተቀምጣ፣ «ልጄ የምታሳድጋቸው አሉ፣ ዱዓ አድርጉላቸው» ብላ ሽማግሌዎቹን ለመነች። እነሱም «አላህ ያሳድጋቸው፣ ለወግ ማዕረግ ያብቃቸው» ብለው መረቁ።

ይህን ስትነግረኝ ተናደድኩ። ሴል ሲዳር የት ይታያል! «እማ፣ ልጆች እኮ አይደሉም! በዓይን እንኳ አይታዩም!» ብዬ ጮህኩባት።

«የማይታይ ነገር አይመረቅም ያለሽ ማነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሴሎቼ ይመረቁ ጀመር።

በአራተኛው ወር ሻጋታ ገባባቸውና ሁሉም አለቁ። ለእናቴ መንገር ከበደኝ። ሽማግሌዎቹ በከንቱ እየለፉ እንደሆነ እያሰብኩ፣ እሷ ስትደውል ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከላላ ከተማ ገበያ፣ ስለ ዘመዱ ሁሉ እያነሳሁ አወራት ነበር።

ከወር በኋላ አዲሶቹን ስጀምር እውነቱን ነገርኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። «ስልክ ለመዝጋት መቸኮል የተውሽ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ዱዓው ላንቺ ነው።»